አድሚራል ሂዌት ነው ያታለለን ወይስ ላኪዎቹ? (ክርክር)

ቀይ ባሕር፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሂዌት ውል ስናወራ አንድ ወንድማችን “ሰውየው መልእክተኛ ነው፣ ምን ያድርግ” ብሎ ዘጋው። እኔ አልተዋጠልኝም። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እንግሊዝ በ1882 ግብፅን ያዘች (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1883 ማብቂያ ላይ ማህዲስቶች (ሱዳን ውስጥ በግብፅ አገዛዝ ላይ የተነሡት የማህዲ ተከታዮች) እንግሊዛዊው ሂክስ ፓሻ የመራውን የግብፅ ጦር ድምጥማጡን አጠፉት። ሱዳን ውስጥ ከሰላ እና ሌላም ቦታ የነበረው የግብፅ ጦር መውጫ አጣ። ያኔ ትዝ ያልናቸው እኛ ነን። የእንግሊዙ አድሚራል ዊሊያም ሂዌት ከምጽዋ ተነስቶ ዓድዋ ድረስ ወጣና፣ ንጉሡን ሳምንታት ጠብቆ፣ ጁን 3 ቀን 1884 ማለትም ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ከአጼ ዮሐንስ ጋር ተፈራረመ። እኛ የተከበበውን ጦር እናስወጣለን፣ እነሱ ደግሞ ግብፅ የያዘችውን ቦጎስን (የከረንን አካባቢ) ይመልሳሉ፣ በምጽዋ በኩል ዕቃችን፣ መሣሪያም ጭምር፣ በነጻ ያልፋል፣ ያውም በእንግሊዝ ጥበቃ። ስምንት ወር እንደሞላ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ ጣሊያን ምጽዋ ገባ። እንግሊዝ አስቀድማ “እኔ አልቃወምም” ብላ ነበር። ጥያቄዬ ቀላል ነው፦ በታሪክ ፊት ሂዌት ተጠያቂ ነው አይደለም?

አባ መላ፦ አይደለም። የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ ተላከ፣ መጣ፣ ፈረመ፣ ሄደ። ጣሊያንን ማን አስገባ? ለንደን። አለቀ።

ቀይ ባሕር፦ አላለቀም ወንድሜ። “ታዛዥ ነበር” የምትለው ሰውየውን ስለማታውቀው ነው። ሴባስቶፖል ላይ ያደረገውን አንብብ። በ1854 የክራይሚያ ጦርነት ላይ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር፣ አንድ መድፍ ይዞ ተቀምጧል። ሩሲያዎች በጎን መጡበት። “መድፉን አበላሽታችሁ አፈግፍጉ” የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ምን አለ መሰላችሁ? ይህ ትእዛዝ ከአለቃዬ ከካፒቴን ሉሺንግተን አልመጣም ብሎ እምቢ አለ! ከለላውን አስፈርሶ መድፉን ወደ ጎን አዞረና ተኮሰባቸው። በዚህና ኢንከርማን ላይ ባደረገው ነው የቪክቶሪያ መስቀል የሚባለውን ትልቁን የእንግሊዝ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመው። እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው እንግዲህ። በ1885 ፊርማው ሲረገጥ ለምን ድምፁ አልተሰማም?

የታሪክ ተማሪ፦ ይሄ ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን ያንተን ነጥብ አያግዝም 😄 እሱ እምቢ ያለው እኮ ትእዛዙ ከአለቃው ስላልመጣ ነው። ከአለቃው ቢመጣ ይታዘዝ ነበር። ሌላ ልጨምርልህ። በዚያው በ1884፣ ሱዋኪን (የሱዳን የቀይ ባሕር ወደብ) ላይ እያለ፣ የማህዲስቱን የጦር መሪ የዑስማን ዲግናን ራስ ላመጣ ሰው ሽልማት አወጀ። ለንደን ፓርላማው ተንጫጫ፣ ሽልማቱም ተሰረዘ። አድሚራሉ አንድ አዋጅ እንኳ በራሱ ማጽናት ያልቻለ ሰው ነው። እና ይሄ ሰው ነው ምጽዋን ለኛ የሚጠብቅልን? ሥልጣኑ እስከ መርከቡ ጫፍ ነው።

እማማ ዘነቡ፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሥልጣን ከሌለው ንጉሡ ለምን ከሱ ጋር ተፈራረሙ?

ምጽዋ ናፋቂ፦ ይኸው ዋናው ጥያቄ መጣ። እማማ ይባረኩ። እኔ ደግሞ ደፍሬ ልናገር፣ ስህተቱ የአጼ ዮሐንስ ነው። የውሉን የሰባቱን አንቀጽ ይዘት እዩት። ዕቃ በነጻ ያልፋል ይላል። ወደቡ የማን ነው ግን አይልም! ምጽዋ የግብፅ እንደሆነች ቀረች። ሌላው ይባስ፣ ከኬዲቩ (ከግብፅ ገዥ) ጋር ወደፊት ጠብ ከተነሣ ንጉሡ ጉዳዩን ለእንግሊዝ ንግሥት እንደሚያቀርቡ ተስማሙ። ግብፅን የያዘችው ማን ናት? እንግሊዝ። ዳኛዋስ? እንግሊዝ። ጣሊያን ሲገባ አቤት የሚባለው ለማን ሊሆን ነበር? በጉንደትና በጉራዕ ግብፅን ሁለቴ ያሸነፈ ንጉሥ በድርድር ጊዜ ወደቡን ራሱን መጠየቅ ነበረበት።

አባ ነጋ፦ አንተ ሰው፣ ሞቅ ባለ ክፍል ቁጭ ብሎ ንጉሥ መውቀስ ቀላል ነው። ከጉራዕ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላም አልነበረም። አገሩ ተዳክሟል። ቦጎስን ሙንዚንገር (ለግብፅ ያደረ የስዊስ ሰው) ከያዘው ከ1872 ጀምሮ ጦር አሸንፈን እንኳ አላስመለስነውም፤ በዚህ ውል ግን ያለ አንድ ጥይት ተመለሰ። ራስ አሉላ በዚያው በ1884 መስከረም ላይ ተረከቡት። ይሄ ትንሽ ነገር ነው? ጳጳስ ለማስመጣት ግብፅ እንዳታስቸግር የሚል አንቀጽም አለበት፣ ይሄ ደግሞ በዚያ ዘመን ምን ያህል ራስ ምታት እንደነበር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወደቡን ጠይቀው ነበር፣ አልተሰጣቸውም። ከምንም የተገኘውን ያዙ።

ምጽዋ ናፋቂ፦ ቦጎስን እኮ አልክድም። ዋጋውን ግን አብረህ ቁጠር። እኛ ቃላችንን ጠበቅን፣ የግብፅን ጦር አስወጣን። ከዚያስ? ማህዲስቶች ጠላታቸው አደረጉን። ከዚያ በፊትም ፍቅር አልነበረም እሺ፣ ግን ጦሩን ለእንግሊዝ ብለን ስናስወጣ ወገን ለየን። በ1885 ኩፊት ላይ አሉላ አሸነፉ፣ ብዙ ሰው ግን አለቀብን። ከሰላ ቀድማ ወድቃ ነበር። በ1888 ጎንደር ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ። በ1889 መተማ ላይ ንጉሡ ራሳቸው ወደቁ። በምሥራቅ በኩል ጣሊያን፣ በምዕራብ ማህዲስት። የውሉ ዋጋ ይሄ ነው።

የታሪክ ተማሪ፦ መተማን ሙሉ በሙሉ ከአንድ ወረቀት ጋር ማያያዝ ትንሽ ይከብዳል። ማህዲስቶች ያለ ሂዌትም ይመጡ ነበር ብዬ አምናለሁ። ክህደቱን በተመለከተ ግን አብሬህ ነኝ። እንግሊዛውያኑ ራሳቸው አምነውታል። ኦገስተስ ዋይልድ የሚባል፣ ከሂዌት ጋር ዓድዋ የመጣ ሰው፣ በኋላ በጻፈው ላይ እንግሊዝ ዮሐንስን ተጠቅማበት ስታበቃ ለጣሊያን ጣለችው ብሎ አገሩን ይወቅሳል።

ቀይ ባሕር፦ ጎበዝ! የኔም ነጥብ እሱ ነው። ዋይልድ መናገር ከቻለ ሂዌት ለምን አልቻለም? ዋይልድ ነጋዴ ነበር፣ ሹመት የሚያሳጣው አልነበረም። አድሚራሉስ? ምክትል አድሚራል ሆነ፣ በ1886 የእንግሊዝ ቻነል የጦር መርከቦች አዛዥ ተደረገ። እኛ ዶጋሊ ላይ ከጣሊያን ጋር ስንዋጋ እሱ ጥሩ ወንበር ላይ ነበር።

አባ መላ፦ የሹመት ሰው ዝም ይላል፣ ይሄ ዛሬም ያለ ነው። በሥልጣን ላይ ያለ መኮንን በአደባባይ መንግሥቱን ይወቅስ ብለህ ትጠብቃለህ? በጓዳ ተቃውሞ ቢሆንስ?

ቀይ ባሕር፦ “ቢሆንስ” እያልን ሰው ነጻ አናወጣም። እስኪ ወረቀት አምጣልኝ።

እማማ ዘነቡ፦ እኔ የገባኝን ልበል። ልጁ ሴባስቶፖል ላይ ጀግና ነበር፣ እሱን አልነጥቀውም። ዓድዋ ሲመጣ ግን የያዘው የሰው ቃል ነው፣ የራሱ አይደለም። እኔ የምከፋው በለንደኖቹ ነው። በ1887 መጨረሻ ላይ ያ ፖርታል የሚባለውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ደግሞ ልከው ንጉሡን “ከጣሊያን ጋር ታረቁ” አሉ አይደል? በራሳቸው ፊርማ ላይ አስታራቂ ሆነው መጡ። ይሄ ነው ዓይን አውጣነት።

አባ ነጋ፦ ንጉሡም እምቢ አሉ እማማ። ጣሊያን ባለበት ውሉ ፈርሷል፣ የማስረክበው መሬት የለኝም ነው ነገሩ። ፖርታል ባዶ እጁን ተመለሰ።

ምጽዋ ናፋቂ፦ እሱ ትክክል ነው። እኔ ግን ዞሬ እዚያው ነኝ፦ ያንን እምቢታ በ1884፣ እንግሊዝ እኛን በምትፈልግበት ሰዓት፣ ለሂዌት ነበር መናገር።

ቀይ ባሕር፦ እሱንማ ሌላ ክር እንክፈትለት፣ “አጼ ዮሐንስ ምጽዋን ማግኘት ይችሉ ነበር ወይ” በሚል። እኔ አይችሉም ባይ ነኝ፤ እንግሊዝ ቀይ ባሕር ላይ መርከብ አላት፣ እኛ ጀልባም የለንም። አንተ ጀምረው።