የናቡከደነፆር ምስል ጣቶችና «ሕፃን እንኳ ይገባዋል»

የፒያሳ ልጅ፦ እሑድ ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሰበከውን ሰውዬ ሰምታችኋል? ዳንኤል 2 ላይ ንጉሥ ናቡከደነፆር በሕልሙ ያየው ምስል አሥር የእግር ጣቶች የአውሮፓ ኅብረት ናቸው፣ ምስሉን የሚያደቅቀው ድንጋይ ሊወርድባቸው ደርሷል፣ «ሕፃን እንኳ ይገባዋል» አለ። አባላቱ እኮ 27 ናቸው!

በረከት፦ ከማሾፍህ በፊት ቃሉን አንብብ። ወርቁ ባቢሎን፣ ብሩ ፋርስ፣ ናሱ ግሪክ፣ ብረቱ ሮም። ሮም ተከፋፈለች እንጂ በሌላ አልተተካችም። ናፖሊዮን ሊያጣብቃት ሞከረ፣ ሂትለር ሞከረ፣ እንደ ጣቶቹ የማይጣበቅ ብረትና ሸክላ ሆነባቸው። እውነትም ሕፃን ይገባዋል።

ማኅሌት፦ በረከት፣ ዳንኤል 2 ላይ «አሥር» የሚል ቁጥር አሳየኝና ቡናው በእኔ። ጣቶች ይላል እንጂ አልቆጠረም። አሥሩ ምዕራፍ 7 ላይ ያሉት ቀንዶች ናቸው። ሕፃኑ የራሱን እግር ቆጥሮ ይሆናል 😂

በረከት፦ ሰው ስንት ጣት አለው ታዲያ?

የፒያሳ ልጅ፦ እ.ኤ.አ. በ1981 ግሪክ ያኔ የአውሮፓ ማኅበረሰብ በሚባለው ውስጥ ስትገባ አባላቱ አሥር ሞሉ። በ1986 ስፔንና ፖርቱጋል ተጨመሩ፣ 12። ያኔ ሕፃኑ ምን ተባለ?

ማኅሌት፦ ደግሞ እግሩ ሁለት ነው፣ ሮምም ምሥራቅና ምዕራብ። «አልተተካችም» ያልከው የምሥራቁ ሮም በ1453 በኦቶማን እጅ ወደቀ። ጣቶቹ ሁሉ ምዕራብ ላይ የበቀሉት ለምንድን ነው?

በረከት፦ ዝርዝር ውስጥ እየገባሽ ዋናውን ሳትሽ።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ በደርግ ጊዜ ተደብቀን ስንጸልይ በመጨረሻው ዘመን እስራኤልን የሚወጋው ጎግ ሩሲያ ናት እንባል ነበር። ሕዝቅኤል 38 ኢትዮጵያን ከጎግ ጋር ያሰልፋታል፣ እኛም ከሞስኮ ጋር ነበርን፤ ልክክ ብሎ ገጠመልን። ግንቦት 1983 አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የቆመው ሌኒን ተነቀለ፣ ወራት ሳይቆይ ሶቪየትም ፈረሰች። ሰባኪዎቻችን ለጎግ ሌላ አገር ፈለጉለት።

በረከት፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሰው ተሳሳተ ማለት ትንቢቱ ተሳሳተ ማለት አይደለም።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔስ ምን አልኩ?

ዲያቆን፦ ዕዝራ ሱቱኤልን ያነበበ የለም? መልአኩ ዕዝራ በሕልሙ ስላየው ንስር ሲነግረው፣ ይህ ለወንድምህ ለዳንኤል የታየው አራተኛው መንግሥት ነው፣ ለእርሱ ግን ለአንተ እንደምፈታልህ አልተፈታለትም ይለዋል። ለዳንኤል ያልተፈታ ለሕፃን ይፈታል?

በረከት፦ እሱ መጽሐፍ እኛ ጋ የለም።

ዲያቆን፦ 15ቱን ጥላችሁ ነዋ። እኛ ጋ 81 ነው።

ማኅሌት፦ ዳንኤል 12፥8 በረከትም ጋ አለ። «ሰማሁ፥ ነገር ግን አላስተዋልሁም» ይላል ራሱ ዳንኤል።

የፒያሳ ልጅ፦ አራተኛው መንግሥት ግሪክ ነው፣ ነገሩ አይሁድን ባሳደደው የግሪክ ንጉሥ በአንጥዮኩስ ያበቃል የሚሉም አሉ። ፈላስፋው ፖርፊርዮስ በ3ኛው መቶ ዘመን ብሎታል።

በረከት፦ ፖርፊርዮስ የክርስትና ጠላት ነበር! በአንጥዮኩስ ካበቃ ጌታ ማቴዎስ 24 ላይ የዳንኤልን የጥፋት ርኩሰት ገና እንደሚመጣ አድርጎ ለምን ተናገረ? ለዚህ መልስ ስጡኝ።

ማኅሌት፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ብራስልስን ከየት አመጣሃት?

ዲያቆን፦ ማቴዎስን ከጠቀስክ ይሁዳንም ጥቀስ። ቁጥር 14 ላይ የጠራው ሄኖክን ነው፣ እናንተ የጣላችሁትን።

በረከት፦ ሄኖክን ማን አነሳ?

ዲያቆን፦ ይሁዳ።

በረከት፦ 🙄 የማቴዎስ 24 መልስ ይምጣ። ሦስቴ ጠየቅሁ።

የፒያሳ ልጅ፦ አንዴ ነው የጠየቅኸው። ቁጥር ላይ ችግር አለባችሁ።