«የቀለም አባት» የሚባለው የትኛው መምህር ነው?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን እዚህ ደሴ የአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሽኝት ላይ ነበርኩ። የቀድሞ ተማሪያቸው ማይኩን ይዞ «የቀለም አባቴ ናቸው» ሲል፣ አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ «ቤት ይቀቡ ነበር እንዴ?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ማስረዳት ጀመርኩና መሐል ላይ ቃል አጠረኝ። የነፍስ አባት፣ የክርስትና አባት፣ የጡት አባት ወሰናቸው ይታወቃል። የቀለም አባትስ? ያስተማረ ሁሉ ነው ወይስ መርጠን የምንሰጠው ስም? ያስተማሩኝ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ብዬ ልጠራቸው አፌ የሚታዘዝልኝ ግን ጥቂቶቹን ነው።

ቦሩ ሜዳ፦
ቀለም እዚህ ላይ ትምህርት ነው። «ቀለም ቆጠረ» ስንል ተማረ፣ «ቀለም አይዘልቀውም» ስንል ትምህርት አይገባውም፣ «ቀለሜዋ» ስንል ከደብተሩ የማይለይ ማለታችን ነው። «የቀለም ቀንድ» ደግሞ የሊቆች ሊቅ ነው። የሁሉም መነሻ ብራና ላይ የሚጻፍበት፣ ከጥላሸት የሚበጠበጠው ጥቁር ቀለም ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ስያሜው የስሜት ጉዳይ አይደለም። ዜማውን ወይም ቅኔውን የተቀበልክበት መምህር የቀለም አባትህ፣ አንተም የቀለም ልጁ ነህ። ቢቆጣህም፣ ቢገርፍህም፣ ብታኮርፈውም ያው ነው። ሁለት ሊቃውንት ሲተዋወቁ «ከማን ተማርክ?» ይባባላሉ፤ መልሱም የዘር ሐረግ እንደ መቁጠር ነው፣ እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። ደሴ አጠገብ ያለውን ቦሩ ሜዳን ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1870 ዓ.ም. በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ብቻ ነው፤ ለእኛ ግን መምህር አካለ ወልድ ቦሩ ሥላሴ ላይ ጉባኤ ዘርግተው፣ ማለትም ተማሪ ሰብስበው፣ ያስተማሩበት አገር ነው። ዛሬ ደሴ ላይ በስማቸው በተሰየመው ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ስሙን ከየት እንዳመጣው ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

በአጭሩ፦ አዎ፣ ቀለሙን የሰጠህ ሁሉ ነው።

ደረሳው፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። በእኛም በኩል እንዲሁ ነው። «ደረሳ» ተማሪ ማለት ነው፤ ከዐረብኛው «ደርስ» (ትምህርት) ጋር አንድ ሥር አለው። በወሎ ሐሪማዎች (የእስልምና ትምህርት ማዕከላት)፣ ዳናም በሉት ጀማ ንጉሥ፣ ደረሳው ከሸኹ ዘንድ ከርሞ ነው የሚቀራው (የሚማረው)። ጀማሪው ልጅ አንቀጹን ሎህ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ ሸምድዶ ካሰማ በኋላ አጥቦት ቀጣዩን ይጽፍበታል። ኪታብ (የሃይማኖት መጽሐፍ) የዘለቀው ደግሞ ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) ሲሰጠው የመምህራኑ ሰንሰለት አብሮ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እኛ ቤት «አቀሩኝ» እና «አሳደጉኝ» አንድ አይደሉም። አባቴ ብዙ ሸኾች አቅርተውታል፤ «አሳደጉኝ» የሚለው ግን ወባ ሲጥለው ከራሳቸው ጋቢ ሥር ያስተኙትን አንዱን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ «ተመረቀ» የምንለው ከምርቃት ነው። ጋውን ለብሶ ፎቶ የሚነሣው ሁሉ የመረቀው ሰው ማን እንደሆነ ያስባል?

ቦርከና፦
ጌታው ቦሩ ሜዳ፣ እኔን በየትኛው እንደሚመድቡኝ ልይ።

የተማርኩት ኮምቦልቻ ነው። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ትገባለች፤ ጠዋት እስክትመለስ ትንሹን ወንድሜን የምይዘው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት የምደርሰው ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ስም መጥሪያው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው፤ ስሜ በ«አ» (A) ስለሚጀምር አናቱ ላይ ነኝ፤ ገና መስከረም ሳያልቅ በስሜ ፊት «ቀሪ» ብቻ ተደረደረ። የክፍል ኃላፊያችን እትዬ (ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው) አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተው ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «አብሽሪ» (አይዞሽ) ብለው ለቀቁኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግስቱ ስም ከታች ወደ ላይ መጥራት ጀመሩ። ከ«ዘ» (Z) ተነሥተው እኔ ዘንድ እስኪደርሱ እኔም እያለከለክሁ በሩ ላይ እደርሳለሁ። ዘበኛውም ዓይቶ እንዳላየ የጎኑን በር ገርበብ ያደርግልኛል። ክፍሉ «ሴትዮዋ ፊደል ተዘበራረቀባቸው» እያለ ይስቅ ነበር፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ነገሩ የገባኝ እኔው አስተማሪ ሆኜ ስም መጥሪያ ስይዝ ነው።

ያስተማሩኝ ሒሳብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልዘለቀኝም፤ ዛሬ የማስተምረው አማርኛ ነው። እንግዲህ በእርስዎ ፍቺ ቀለማቸውን ስላልተቀበልኩ የቀለም እናቴ አይደሉም ማለት ነው?

የጦሳ ሥር፦
«የቀለም እናት» ይባላል እንዴ? ሰምቼው አላውቅም።

ቦሩ ሜዳ፦
ልጄ፣ ከታች ወደ ላይ የጠሩት ሴት ይባረኩ። ለእንዲህ ያለው ግን አማርኛ ሌላ ቃል አላጣም። «ሰው አደረጉኝ» በይ፣ «ለወግ ለማዕረግ አበቁኝ» በይ፤ ከሁሉ የሚሻለው «ኮትኩተው አሳደጉኝ» ነው። የሚኮተኩት ሰው ዘሩን የዘራው ላይሆን ይችላል፤ ሥሩን አፈር ያለብሳል፣ አረሙን ይነቅላል። እትዬ ያደረጉት ይህንን ነው። የቀለም አባትን ግን ለቀለም ተዉልኝ፤ ለደግ ሁሉ ከሰጠነው ወሰኑ ይጠፋል።

«እናት» ስለሚለው፦ ያልተለመደው ጉባኤ የዘረጉ ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ እንጂ ቋንቋው ከልክሎ አይደለም። ጎጃም ላይ ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ አይደል? ከእሳቸው ቅኔ የተቀበለ ሰው «የቀለም አባቴ» ይበላቸው?

አራዳ፦
ሳልረሳው፦ መሥሪያ ቤታችን «ሜንተር»ን «አማካሪ» ብሎ ተረጎመው። አልተዋጠልኝም። አማካሪ ስትጠይቀው ይመክርሃል፣ ካልጠየቅከው ዝም ነው።

ደረሳው፦
«አይዞህ ባይ» ቢባልስ? ወሎ ከሆነ ደግሞ «አብሽር ባይ»። ደብዳቤ ላይ ለመጻፍ ግን አለቃህ የሚፈቅድልህ አይመስለኝም።

ቦርከና፦
ኮትኳችነቱን ተቀብያለሁ። «የቀለም እናት»ን ግን በእማሆይ ገላነሽ በኩል እርስዎ ራስዎ በር ከፍተውልኛልና አልመልስም። ስለ «አብሽር» የሚጽፍ ካለ አዲስ ርዕስ ይክፈት፤ ከዚህ ጋር ከተደባለቀ ማለቂያ የለውም።