የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ ጥያቄዎች፦ ለየትኛው ጉዳይ ወደ ፖሊስ፣ ለየትኛው ወደ ማኅበር ይኬዳል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ወር በፊት በአዲስ አበባ ዳርቻ ወዳለ አንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሳይት ከሁለት ልጆቼ ጋር በኪራይ ገብቻለሁ። ቀድሞ የምኖረው በቀበሌ ቤት ስለነበር ችግር ሲያጋጥመኝ የት እንደሚኬድ የሚነግረኝ ጎረቤትም ሆነ የዕድር ዳኛ አላጣም ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም አዲስ ሆኖብኛልና የምታውቁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ከታክሲ ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ ሁለት ወጣቶች ቦርሳዬን ነጥቀውኝ ሮጡ። ስልኬ፣ የነዋሪነት መታወቂያዬና የባንክ ደብተሬ በውስጡ ነበሩ። በማግስቱ ለቤቴ ወደሚቀርበው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስናገር የተቀበለኝ አባል «ድርጊቱ የተፈጸመው በእኛ ክልል አይደለም፤ ደግሞም ጠፋብኝ ብለሽ ብታመለክቺ ይፈጥንልሻል» አለኝ። እንደተባልኩት ላድርግ?

ሁለተኛው፣ ከብሎካችን ምድር ቤት ያለው የንግድ ቤት ግሮሰሪ ሆኖ ተከፍቶ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ያሰማል። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ስትሆን ጥጥ በጆሮዋ ወትፋ ነው የምታጠናው።

ሦስተኛው፣ የማኅበሩ ኮሚቴ «ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚገባ ነዋሪ 300 ብር ይቀጣል» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፏል፤ እኔ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የማታ ተረኛ ነኝ። ከዚህም በላይ ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የኮሚቴ አባላት ከጥበቃዎች ጋር ሆነው «የተከራይ ማጣሪያ ነው» በማለት ቤታችን ገብተው ቁም ሳጥን ሳይቀር ከፍተው አይተዋል። ይህ የመንደሩ ደንብ ነው ተብያለሁ።

በመጨረሻ፣ ትንሽ ነገር ቢሆንም፣ ትናንት ታናሹን ልጄን የጎረቤት ውሻ ጭኑ ላይ ነክሶታል። ቁስሉ ጥልቅ ስላልሆነ በአልኮል ጠርጌለታለሁ። የውሻውን ባለቤት ለማን ልናገርበት?

መልስ፦ ነርስ

እህቴ፣ ሌሎቹ ጥያቄዎችሽ ሁሉ እስከ ነገ መቆየት ይችላሉ፤ የልጅሽ ጉዳይ ግን አይቆይምና ይህን እንዳነበብሽ ተነሺ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለማዳን የሚቻልበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ሕይወት ያድናል። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ መሆኑ ሊያዘናጋሽ አይገባም፤ ጥርሱ ቆዳውን ከበሳ በቂ ነው።

አሁኑኑ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቢው፤ በአልኮል መጥረግ ብቻውን ይህን አይተካም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ጤና ጣቢያው ክትባቱ ከሌለው የት እንደሚገኝ ጠይቀሽ የሪፈር ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ ነዋሪው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ግቢ ለዚሁ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የሚታወቅ ቦታ ነው። ክትባቱ በተከታታይ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ ልጁ ደህና መስሎ ስለታየ ብቻ እንዳታቋርጪው።

ውሻው እንዳይገደል ለባለቤቱ ንገሪልኝ። ታስሮ ለ10 ቀን ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ ሐኪሙ ስለ ቀሪው ክትባት ለመወሰን ይረዳዋል፤ ተገድሎ ከተጣለ ግን ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል።

መልስ፦ በጡረታ ላይ ያሉ የፖሊስ አባል

ልጄ፣ የነርሷን ምክር ከፈጸምሽ በኋላ የእኔን አንብቢ። በጣቢያ ብዙ ዓመት ስላገለገልኩ ስለ ንጥቂያው የማውቀውን ልንገርሽ።

«ጠፋብኝ» ብለሽ አታመልክቺ። የጠፋ ማስረጃና የተነጠቀ ንብረት አቤቱታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጠፋ ማስረጃ ምትክ መታወቂያ ለማውጣት ይጠቅማል፤ የምርመራ መዝገብ ግን አያስከፍትም። ነገ ከነገ ወዲያ እነዚያ ልጆች ቢያዙ ወይም ስልክሽ በአንድ ሱቅ ቢገኝ፣ አንቺ በራስሽ ፊርማ «ጠፋብኝ» ስላልሽ ንብረቱን የወሰደው ሰው «ወድቆ አገኘሁት» ለማለት መንገድ ያገኛል። መታወቂያሽም በሌላ ሰው እጅ ለማጭበርበር ቢውል፣ በዚህ ቀን ተነጥቄ ለፖሊስ አመልክቻለሁ የሚለው መዝገብ ነው የሚከላከልልሽ።

የክልሉ ነገር ከፊሉ እውነት ነው። ምርመራውን የሚያካሂደው ድርጊቱ የተፈጸመበት አካባቢ ጣቢያ ስለሆነ ከታክሲ ወርደሽ የተነጠቅሽበትን ቦታ በምልክት፣ ለምሳሌ ከየትኛው ትምህርት ቤት ወይም ነዳጅ ማደያ አጠገብ እንደሆነ፣ ለይተሽ ወደዚያ ጣቢያ ሂጂ። የተቀበለሽ አባል ግን የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ሳይነግር ሊያሰናብትሽ አይገባም ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 22 መርማሪ ፖሊስ የቀረበለትን አቤቱታ ቢጠራጠርም እንኳ ምርመራ ማካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ቃልሽ በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ይነበብልሻል፣ ከዚያ ትፈርሚያለሽ፤ ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። ስትወጪ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስልክ በወረቀት ይዘሽ ውጪ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ለመከታተል እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የስልኩን ካርቶን ፈልጊ። በጎኑ ላይ ያለው ባለ 15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ስልኩን ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቅ ስለሆነ በቃልሽ ውስጥ መስፈር አለበት። ሲምሽንና የባንክ አገልግሎትሽን ግን ፖሊስ እስኪያይልሽ አትጠብቂ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ቴሌብር በ127፣ የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆንሽ ደግሞ በ951 ደውለሽ አዘጊ። ንጥቂያው ዓይንሽ እያየ የሚፈጸም ከሆነ በዚያው ደቂቃ የሚደወለው 991 ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልጄን ትናንትናውኑ ወስጄ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዷል፤ የሚመለስባቸው ቀናትም በካርድ ተጽፈው ተሰጥተውኛል። አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ መታወቂያዬ ተነጥቆ ሳለ ጣቢያው መታወቂያ አምጪ ቢለኝ በምን ማንነቴን አሳያለሁ? መታወቂያው ደግሞ የወጣው ከቀድሞው ወረዳ ነው።

መልስ፦ በጡረታ ላይ ያሉ የፖሊስ አባል

የመታወቂያው ፎቶ ኮፒ ወይም በሌላ ሰው ስልክ የተላከ ፎቶው ካለሽ ያዢ፤ ፋይዳ ካወጣሽም ያው ይበቃል፤ ካርዱ ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩ አይለወጥም። ከሁለቱ አንዱም ከሌለ የሥራ መታወቂያ አሳዪ። ምትኩን ለማውጣት መዝገብሽ ወዳለበት ወደ ቀድሞው ወረዳ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የፖሊሱን ማስረጃ ይዘሽ ትሄጃለሽ። እግረ መንገድሽን መሸኛ ጠይቂና መዝገብሽን አሁን ወደምትኖሪበት ወረዳ አዛውሪ፤ ያለዚያ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር ትመላለሻለሽ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ስለ ፍተሻው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በየመንደሩ እንደ ተራ ነገር እየተለመደ መምጣቱ በጣም ያሳስበኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ማንም ሰው መኖሪያ ቤቱ ከመመርመር እንዲጠበቅ መብት ይሰጠዋል። ቤት ለመበርበር በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል፤ በትዕዛዝም ቢሆን ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንደሆነ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ይናገራል። ያለ ትዕዛዝ መግባት የሚቻልባቸው ሁኔታዎች በአንቀጽ 32 ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ፖሊስ እያባረረው ያለ ተጠርጣሪ ሮጦ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የሚፈለግ ዕቃ ተደብቋል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠርና ትዕዛዝ እስኪወጣ ቢጠበቅ ሊሸሽ የሚችል ሲሆን ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በጸናበት ወቅት የተለየ ሥርዓት ሊኖር ይችላል። በየትኛውም ሁኔታ ግን ይህ ሥልጣን የፖሊስ እንጂ የኮሚቴ አባል ወይም የጥበቃ ሠራተኛ አይደለም።

ስለዚህ ዳግም ቢመጡ በር ላይ ቆመው በአክብሮት «የፖሊስ አባል አብሯችሁ አለ? መታወቂያውንና የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ ልመልከት» ይበሉ። ፖሊስ ትዕዛዝ ይዞ ከመጣ አይከላከሉ፤ ጎረቤት በምስክርነት ይጥሩና የተወሰደ ዕቃ ካለ ተዘርዝሮ እንዲፈረምበት ይጠይቁ።

ተከራይን ማወቅ ግን ለማኅበሩ ተገቢ ፍላጎት ነው፤ ቁም ሳጥን ሳይከፈትም ይፈጸማል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። የተመዘገበውን ውልዎን ቅጅ ለማኅበሩ ይስጡ። አከራይዎ ውሉን ካላስመዘገቡ ግን ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ ለእርስዎም ዋስትና ነው፤ ውሉ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም።

ውሻውን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ያደረሰውን ጉዳት ጭምር ባለቤቱ እንዲክስ ያስገድዳል። የሕክምናና የመጓጓዣ ደረሰኞችዎን በሙሉ ያስቀምጡ። መጀመሪያ በሽማግሌ ይጠይቋቸው፤ አብዛኛው ሰው ደረሰኝ ሲያይ ይከፍላል።

መልስ፦ የሌላ ሳይት ማኅበር ጸሐፊ

በጸሐፊነት ከማገልገሌ የተነሣ ስለ ቅጣቱ ልጨምር። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበራት የውስጥ ደንብ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል፤ ደንቡ ተከራይንም ይመለከታል። ነገር ግን ደንብ የሚባለው በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው ነው። ኮሚቴ ተሰብስቦ በር ላይ የለጠፈው ወረቀት ማስታወቂያ እንጂ ደንብ አይደለም። ስለዚህ ጸሐፊውን «ይህ ቅጣት የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ ላንብበው» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ገንዘብ ከከፈሉም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይክፈሉ። በጉባኤ ድምፅ ያላቸው የቤት ባለቤቶች ስለሆኑ አከራይዎ እንዲወክሉዎ ያድርጉ፤ ካልሆነም በጽሑፍ ውክልና ይስጡዎ።

በእኛ ሳይት በሩ ማታ ይቆለፋል፤ ጥበቃው ግን የሚገባውን ሰው ስምና ሰዓት መዝግቦ ይከፍታል። የማታ ተረኞች ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ ያመጣሉ፤ ለጥበቃውም ስማቸው በዝርዝር ተሰጥቶታል። እስካሁን አንድም ነዋሪ ውጭ አላደረም። ዕቃ ጭኖ የሚወጣ ሰው ግን የባለቤቱን የመውጫ ወረቀት ካላሳየ አናሳልፍም፤ ይህ ሌባን የሚያቆም ደንብ ስለሆነ ብንጨቃጨቅበትም አንተወውም።

መልስ፦ የግሮሰሪ ጎረቤት የነበሩ አባት

የድምፁን ነገር እኔ አልፌበታለሁ። ስምንት ወር ያህል በየሌሊቱ እየተነሣሁ ስጨቃጨቅ አንድም ለውጥ አላመጣሁም፤ በመጨረሻ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቼ ሙዚቃው የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት፣ ቀኑን ጨምሬ ለ11 ሌሊት መዘገብኩ። በየገጹ ግርጌ ከላይና ከታች ያሉ ጎረቤቶች ፈረሙበት። ያንን ከአቤቱታ ጋር አያይዘን ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ለደንብ ማስከበርና ለአካባቢ ጥበቃ በግልባጭ ስናስገባ የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ ያየው የንግድ ፈቃዱን ነበር፤ የተሰጠው ለሸቀጣ ሸቀጥ ሆኖ ተገኘ። ድምፁ የቆመው ያን ጊዜ ነው።

በአቤቱታው ላይ ሁለት ነገር ይጥቀሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና በላይ የሆነ ጢስ፣ ሽታና ድምፅ በጎረቤት ላይ ማድረስን ይከለክላል። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ ደግሞ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ባለሙያው መለኪያ ይዞ እንዲመጣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሌሊት ጠብ ወይም ድብድብ ከተነሣ ወደ 991 ይደውሉ እንጂ ራስዎ አይውረዱ፤ እኔ ወርጄ በጠርሙስ ተመትቻለሁ።

ጠያቂዋ

ዛሬ ድርጊቱ ወደተፈጸመበት አካባቢ ጣቢያ ሄጄ «ተነጠቅሁ» ብዬ ቃሌን ሰጠሁ፤ መርማሪዋ አንብባልኝ ሁለት ቦታ አስተካክለን ፈረምኩ። የመዝገብ ቁጥሩን በልጄ ደብተር ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ። የስልኩን ካርቶን ቁም ሳጥን አናት ላይ አገኘሁት። የውሻው ባለቤት ማታ መጥተው ይቅርታ ጠይቀውኝ የመጀመሪያውን የሕክምና ወጪ ከፍለዋል፤ ውሻውም ታስሯል።

ለቃለ ጉባኤው ጥያቄ ደብዳቤ ጽፌ በሁለት ቅጅ አዘጋጅቻለሁ፤ ነገ ጸሐፊው በአንደኛው ላይ እንዲፈርሙልኝ አደርጋለሁ። ለግሮሰሪውም ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ሰዓቱን መመዝገብ እጀምራለሁ፤ ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናትም አብረውኝ ሊፈርሙ ተስማምተዋል።