ችግኝ ከመትከል ሌላ ማዘጋጃ ቤት ለአየር ንብረት ምን ማድረግ ይችላል?

ከጨሞጋ ማዶ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁም። እንደ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ያለ ከተማ የክልልና የፌዴራል በጀት ሳይጠብቅ በራሱ ሥልጣን ለአካባቢና ለአየር ንብረት ምን ሊሠራ ይችላል? ደንብ ማውጣት ይቀድማል ወይስ ሥራው?

ዳሞት
ወንድሜ፣ ከቆሻሻው ይጀመር። የከተሞቻችን ደረቅ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ አገዳ፣ የጫት ገራባ፣ ቅጠል። ታፍኖ ሲከመር አየር ስለሚያጣ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ቆሻሻ ማንሳት የማዘጋጃ ቤቱ የዕለት ሥራ ስለሆነ አዲስ ሥልጣን አይጠይቅም።

ደንቡ ይቆይ፤ ከቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ጋር ያለው ውል ይቅደም። በምልልስ ብዛት ከተከፈለ ጋሪው ሳይሞላ ይመላለሳል። በሜትር ኩብ ብቻ ከተከፈለ ፌስታሉም ገራባው ጋር አብሮ ይጫናል፤ መጠኑን ከፍ ያደርግላቸዋላ። ስለዚህ ተለይቶ ለመጣ ከፍ ያለ፣ ተቀላቅሎ ለመጣ ዝቅ ያለ ዋጋ ይቆረጥ። መለየቱም ከአትክልት ተራና ከጫት ተራ ይጀመር። ከየቤቱ ከተጀመረ ሠራተኛው አመድና የጠርሙስ ስባሪ ሲለቅም ይውላል።

ተለይቶ የመጣው የሚበሰብስ ቆሻሻ ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ይደረግ፤ ክምሩ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር ይሁን። ለአንድ እጅ እርጥብ ሁለት እጅ የደረቀ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ይግባ፤ ጭድ ለከብት ስለሚፈለግ አይታሰብ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከበዛ መበስበሱን ያጓትታል። እፍኝ ተጨምቆ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። መሃሉ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ 15 ቀን ይቆይ፣ በዚሁ ጊዜ 5 ጊዜ ይገላበጥ። አለዚያ የአረም ዘር ይተርፋል፤ ገበሬውም ዳግም አይገዛም። ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ይረፍ።

ከጨሞጋ ማዶ
እግዜር ይስጥልኝ። ክረምቱስ? እዚህ ሰኔ ከገባ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም።

የባንጃው
ያለ ጣሪያ ባይሞከር ይሻላል። ውሃ የጠገበ ክምር ይሸታል፣ ከዚያ ጎረቤት ያስዘጋዋል። ወለሉ በደንብ ተጠቅጥቆ ወደ አንድ ጎን ያዘንብል፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ይበቃል። የሚወርደው ጥቁር ውሃ በጉድጓድ ተጠራቅሞ ደረቅ ክምር ላይ ይመለስ፤ ወንዝ ውስጥ እንዳይገባ አደራ። ለወንዝ ዳር ቦታ ፈጽሞ አይፈቀድ።

ገዢ አይጠፋም። የጎዛምን፣ የማቻከልና የባንጃ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ገበሬው ኖራ ይጨምራል፤ ኮምፖስት ኖራን ባይተካም አፈሩን ያግዛል።

ምክር ቤት አካባቢ
ገንዘቡን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ እንደምታደርገው የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ይሰብሰብ። ግን የራሱ ሂሳብ ይከፈትለት፤ ከጥቅል ገቢው ጋር ከተቀላቀለ ማኅበራቱ ክፍያ ይዘገይባቸዋል፣ በሳምንቱ ቆሻሻው ቦይ ውስጥ ነው።

ስለ ደንቡ ከዳሞት ጋር እስማማለሁ፣ በጣም ባይዘገይ ግን። ስድስት ወር በየቀኑ የገባው ተመዝኖ ይመዝገብ፣ ረቂቁ በዚያ ቁጥር ይሠራና በከንቲባ ኮሚቴ ታይቶ ለከተማው ምክር ቤት ይቅረብ። ሦስት ነገር አይቅርበት፦ ገበያው ለይቶ የማስረከብ ግዴታ፣ ቅጣቱን የሚጥለው አካል፣ የቅጣቱ ገንዘብ የሚገባበት ሂሳብ። ሁለተኛው ከተዘለለ ደንብ አስከባሪና ጽዳትና ውበት እየተገፋፉ ማንም አይቀጣም። ፌስታልን የሚከለክለው የፌዴራል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀ እሱን እንደገና መደንገግ አያስፈልግም።