የአያታችን ካሴትና ፎቶ፦ ለአርባቸው ምን እናስቀድም? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። አያታችን ዐርፈው አርባቸው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር የጨረሱ፣ ወሬያቸው የማይጠገብ ሰው ነበሩ። ለተዝካሩ ፎቷቸውን በትልቁ ማሳተም፣ ድምፃቸውን ደግሞ ለልጅ ልጆቹ ሁሉ ማድረስ እንፈልጋለን። ያለን ይኸው ነው፦ ሲተርኩ የተቀዳባቸው አራት ካሴቶች (ሁለቱ ባለ 60፣ ሁለቱ ባለ 120 ደቂቃ፤ የአንዱ ባለ 60 ስፖንጅ ወድቋል)፣ ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ የሠርግ ፎቶ፣ አንዲት 3 በ4 ጉርድ ፎቶ፣ ሙጫው ቢጫ የሆነ አልበም፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉ የሥራ ወረቀቶች። ሁሉም ቁምሳጥን አናት ላይ ካርቶን ውስጥ ነው። ሴት አያታችን በሕይወት አሉ፣ ትውስታቸውም ደህና ነው። ከየቱ እንጀምር?

ፎቶ ቤት

ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

መጀመሪያ ካርቶኑን ከዚያ አውርዱት። ድሬ ላይ ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየር ከቤቱ ሁሉ የባሰ ይግላል። ወለል ላይም አይሁን፤ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ያደረገውን የሚያውቅ ሰው ፎቶ መሬት ላይ አያስቀምጥም። የመካከለኛው መደርደሪያ ይበቃዋል።

የተጣበቀውን የሠርግ ፎቶ እንዳትነቅሉት። ምስሉ ያለው በወረቀቱ ላይ በተለበጠ ስስ ጄላቲን ውስጥ ነው። ጄላቲኑ በእርጥበት ይለሰልስና መስታወቱ ላይ ይደርቃል፤ ከተሳበ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይመጣል፣ ፊታቸው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ፍሬሙን ብቻ ፈትታችሁ የመስታወቱን ውጭ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ከነመስታወቱ ስካን አስደርጉ። ስስ የሆኑት አዳዲስ ስካነሮች ትንሽ ራቅ ያለውን ነገር ያደበዝዛሉና ወፈር ያለውን የድሮ ዓይነት ጠይቁ። ካልተገኘ ያለ ፍላሽ በካሜራ ይነሳ፦ ብርሃኑ ከጎን ካለ መስኮት ይምጣ፣ ከካሜራው ጀርባ ጥቁር ነጠላ ወይም ጨርቅ ይዘርጋ፤ ነጸብራቁ ይጠፋል።

ጉርዷን በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት ነው) ስካን አድርጉ። በ600 ብትሉ 709 በ945 ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ይህ በጥሩ ጥራት ሲታተም 6 በ8 ሳንቲሜትር ነው። በ1200 እስከ 12 በ16 ይሄዳል፤ ሁለት ሜትር ርቆ ለሚያይ ለቀስተኛ ደግሞ እስከ 20 በ27 ድረስ ያምራል። ሜትር ሙሉ ባነር ላይ ከወጣች ግን ትፈርሳለች። «እናጠራለን» የሚሉትን የስልክ መተግበሪያዎች እለምናችኋለሁ ተዉአቸው፤ የጎደለውን ከሌላ ሰው ዓይንና ጥርስ ነው የሚሞሉት። ለተዝካሩ የተሰቀለው ሰው አያታችሁ ሳይሆኑ ይቀራሉ።

አልበሙን በተመለከተ፣ ፕላስቲኩን ቀስ ብላችሁ ግለጡና የጥርስ ክር ከፎቶው ሥር አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። እምቢ ያለውን ከነገጹ ስካን አድርጉት። ዋናውን ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉ! ሙቀቱም ሙጫውም መመለሻ የላቸውም። ላሚኔት የሚደረገው ቅጂው ነው።

ቴፕ ጠጋኝ

ከፎቶው ይልቅ ካሴቱ ይቸኩላል። ሳትሰሙት በፊት የእያንዳንዱን ካሴት ጀርባ ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩን ተመልከቱ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካለበት ቴፕ ውስጥ አታስገቡት፤ ማሽኑን በክሎ ወደ ሌሎቹም ይጋባል።

ስፖንጅ የወደቀው የተበላሸ ካሴት አይደለም። ስፖንጁ ሥራው ክሩን ከሄዱ (ድምፁን ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ መጫን ነው፤ እሱ ከሌለ ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚወጣ ይታፈናል። በብሎን የተዘጋ የማትፈልጉት ካሴት ፈልጉ፣ አምስቱን ብሎን ፍቱ፣ የአያታችሁን ሁለት ጥቅል ከነክሩ ወደዚያ ቤት አዛውሩ። ክሩን በጣት አትንኩ፤ የክሩን መንገድ ሳትፈቱት በስልክ አንሱት፣ ስትመልሱ ያስፈልጋችኋል።

የቴፑን ሄድና ክሩን የሚስበውን ቀጭን ብረት በጥጥና ቢያንስ 90 በመቶ በሆነ አልኮል ጥረጉ፤ 70 የሚባለው ውሃ ይበዛበታል። ከባለ 60ዎቹ ጀምሩ። የባለ 120ው ክር ውፍረት የባለ 60ው ግማሽ ስለሆነ ይጠመጠማል፣ ይለጠጣል። ደጋግማችሁ በፍጥነት አታጠንጥኑት፣ በመኪና ቴፕም አታጫውቱት።

ድምፁ ደብዘዝ ካለ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በቀስታ አዙሯት፤ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የተሰሙበት ቦታ ላይ አቁሙ። ይህን ለየካሴቱ ድገሙት፣ ምክንያቱም የተቀዱበት ቴፕ ሊለያይ ይችላል።

ወደ ኮምፒውተር ስታስገቡ ማይክ መሰኪያው ውስጥ አትክተቱ፤ ድምፁን ያፈነዳዋል። ላይን ኢን (ከቴፕ ለሚመጣ ድምፅ የተሠራ መሰኪያ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በሞኖ፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ -6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። በደቂቃ 5 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ አራቱ ካሴት ስድስት ሰዓት ስለሆነ በአጠቃላይ ሁለት ጊጋባይት አይሞላም። ቴፑን በባትሪ ድንጋይ፣ ላፕቶፑንም ከሶኬት ነቅላችሁ በራሱ ባትሪ አሠሩት፦ የመብራቱ እምምታ አይገባም፣ መብራት ቢሄድም አይቋረጥም። አንድ ጎን ባለቀ ቁጥር ሴቭ አድርጉ።

ሳላቸውን፣ የስኒውን ድምፅ፣ ከውጭ የሚሰማውን ሁሉ አትቁረጡ። ማጽዳት የፈለገ በቅጂው ላይ ያጽዳ።

ሐረር ጌ

ሁለታችሁም የተናገራችሁት ልክ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ካሴቱ አሥር ዓመት ጠብቋል፣ ሌላ ወር ይጠብቃል። ሴት አያታችሁ ናቸው መቅደም ያለባቸው። በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል፤ ስም የሌለው ፎቶ ደግሞ ለልጅ ልጅ ልጅ የማያውቀው ሰው ፎቶ ነው።

ሁሉንም ፎቶ ለጊዜው በስልክ አንሱና ቁጥር ስጡት። ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይበዛ፣ በአንድ ጊዜ ከአሥራ አምስት ፎቶ አታስበልጡ፤ ሐዘንተኛ ናቸው። ሌላ ስልክ ድምፃቸውን ይቅዳ። ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ምን ቀን እንደነበር ጠይቁ። «ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ካላችኋቸው ይጨነቃሉ። «ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው? የሶማሊያ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ነው? የትኛው ልጅ ተወልዶ ነበር?» በሉ፤ 1967ን እና 1969ን ይዛችሁ ዓመቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ስሙን ከፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ ለስላሳ በሆነ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪፕቶ ወደ ፊቱ ይዘልቃል።

የፈረንሳይኛው ወረቀት ላይ ያለው ቀን የአውሮፓ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ ማብቂያ 8፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ቀንሱ፦ ማርች 1963 የእኛ 1955 ነው፣ ኖቬምበር 1963 ግን 1956። በዚህ ምክንያት የቅጥር ዓመታቸው በአንድ ዓመት ተዛብቶ የሚታተምባቸው ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ፍትሐቱ የሚደርሰው በክርስትና ስማቸው ነውና ከሴት አያታችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፤ በሚታተመው ጽሑፍም ከመጠሪያ ስማቸው ጎን ይግባ። አርባው ጾም ላይ ከዋለ ድግሱ የጾም ይሆናል። ሰሙነ ሕማማት ላይ ከዋለ ፍትሐት ስለማይደረግ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የከዚራ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገ ጠዋት ከእማማ ጋር እንጀምራለን። ሁለት ጥያቄ፦ ካሴቱ ላይ አማርኛውን ከኦሮምኛና ከሶማልኛ፣ ከባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛም እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፤ ስንጽፈው ወደ አማርኛ እንመልሰው? ለዘመድ በቴሌግራም ብንልክስ ጥራቱ ይቀንሳል?

ሐረር ጌ

እንደተናገሩት ጻፉት፣ የድሬ ሰው አነጋገር ነው፤ ትርጉሙን ከሥሩ አስገቡ። ቋንቋውን የሚያውቅ የእሳቸው ዕድሜ ሰው አብሯችሁ ይስማ። የባቡር ዕቃ ስሞችን ከቀድሞ ሠራተኛ በስተቀር ማንም አይለይላችሁም።

ፎቶ ቤት

አቦ፣ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፤ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ። ዋናውን ግን በሁለት ሃርድ ዲስክ ያዙ፣ አንዱ ከድሬ ውጭ ያለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም።

ቴፕ ጠጋኝ

ካሴቶቹንም ከቀዳችሁ በኋላ አትጣሏቸው። በየቤታቸው አቁማችሁ አስቀምጡ፤ ከድምፅ ማጉያና ከማግኔት ይራቁ።