«ዘግተዋል» ማለት ምንድነው?

ወለተ ሸዋ፦
እስቲ የግዕዝ ሰዎች እርዱኝ። ለገና ላሊበላ ሄጄ ቤተ ጊዮርጊስ ወርደን ዙሪያውን ስናይ፣ ግድግዳው ላይ ሰው እጥፍ ብሎ የሚገባባት ጎሬ አለች፣ በር የላት ምን የላት፣ ውስጧ የደረቀ እግር ይታያል። አንድ አባት እያሳዩን «እዚች ውስጥ ዘግተዋል» አሉን። ምኑን ነው የዘጉት? ደግሞስ ለምን «ዘግተው ነበር» አላሉም?

የቆሎ ተማሪ፦
በአታቸውን ነዋ እህቴ፣ መናኝ የሚኖርበትን ዋሻ። ሙሉው «በአት ዘጋ» ነው፣ ሁሉ ስለሚያውቀው በአቱ ይቀራል። በአት ከቦአ ነው፣ ገባ ማለት፣ ስለዚህ ዋሻው ስም ያገኘው ከመግባቱ እንጂ ከድንጋዩ አይደለም። በዐይኑ ዐ የምትጽፉ እባካችሁ ተዉ፣ ስሩ ይጠፋል።

ዳዊት ደጋሚ፦
በዐይኑ ስንት ቦታ አንብቤዋለሁ፣ ጸሐፊዎቹ አያውቁም ልትል ነው? እኔ ዋሻ ራሱ ከዋሸ ነው ባይ ነኝ። ገብተህ ብትጣራ የራስህን ድምፅ የሌላ ሰው አስመስሎ ይመልስልሃል።

የቆሎ ተማሪ፦
ፊደል ስለገጠመ ዘመድ አይሆንም ወንድሜ። ቅኔ ቤት ይሄን ብትል መምህሩ ከጉባኤ ያስነሱህ ነበር።

ከጣሊያን፦
ከድንጋዩ የሰየሙም አሉ። እዚህ ማቴራ የሚባል ከተማ የዋሻ ሰፈሩን «ሳሲ» ይሉታል፣ ድንጋዮች ማለት ነው። ሰው ከነበቅሎው ፍልፍሉ ውስጥ ያድር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ 15,000 ያህል ሰው አስወጥተው አዲስ ሰፈር ሰጡት፣ ከዛ ባዶውን ከርሞ ከርሞ በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው፣ አሁን ሆቴል በሆቴል ነው። እኔ ባደርኩበት ክፍል ግርግሙ እዛው ግድግዳው ላይ አለ፣ ሻንጣ ማስቀመጫ አድርገውታል። ስሙ ግን ያው ሳሲ።

የላስታ ልጅ፦
የኛም እንደዛው ነው እኮ። ቤተ መርቆሬዎስ የእግር ብረት ተገኝቶበት እስር ቤት ነበር ይባላል፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ደግሞ ቤተ መንግሥት ነበር የሚሉ አሉ፣ ዛሬ ሁለቱም ይቀደስባቸዋል። ወደ ጥያቄው ስመጣ ግን «ዘጋ»ን ከበር ጋር አታያይዙት። ሰላም ብዬው ዘጋኝ ስትሉ በር አለ እንዴ? ሰውን መዝጋት ነው። ከሰው ተለይተው በአት የሚዘጉት መናንያን ዝጉሓን የሚባሉትም ለዚህ ነው።

ዳዊት ደጋሚ፦
ዝጉሓን በሐመሩ ሐ መጻፍህ ደስ ብሎኛል፣ ዘግሐ ነው ስሩ፣ አማርኛ ላይ ሐ ወድቃ ነው ዘጋ የሆነው። አሁን ወደ በአት እንመለስና...

ወለተ ሸዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግን አብራን የነበረች ልጅ «አባቴ፣ ሞተዋል አይደል?» ስትላቸው ቀና ብለው አይተዋት «ዘግተዋል አልኩሽ» ነው ያሏት። እሱን ማን ይፍታልኝ?