በምርጫ ሰሞን የሰዉን ስሜት ከፌስቡክና ከቴሌግራም ማወቅ ይቻላል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ መመረቂያዬ ጥናት ልሠራ ነው። በምርጫ ሰሞን የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ሰው ምን እንደሚያስብ ከማኅበራዊ ሚዲያ መከታተል እፈልጋለሁ። ያሰብኩት የየፓርቲውን ስም ስንት ጊዜ እንደተነሳ ቆጥሬ፣ ላይኩን ደምሬ፣ ማን እየመራ እንደሆነ ለማሳየት ነው። አማካሪዬ ግን "መጀመሪያ አሠራርሽን አሳዪኝ" አሉኝ። ፕሮግራሚንግ አልችልም፣ ኤክሴል ግን እሠራለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ 1 (ባሕር ዳር)
እህቴ፣ "ማን እየመራ ነው" የሚለውን ከአሁኑ ተይው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመን ምርጫ ላይ አንዳንድ ተመራማሪዎች ልክ እንዳንቺ ቆጥረው ነበር። የፓርቲዎች ስም ትዊተር ላይ የተነሳበት ብዛት ካገኙት ድምፅ ጋር ይቀራረባል ብለው ጻፉ። ሌሎች ቆጠራውን ደገሙት። የመጀመሪያዎቹ ያልቆጠሩትን ፓይሬት ፓርቲ የሚባል ትንሽ ፓርቲ ሲያስገቡት አንደኛ ወጣ። በምርጫው ግን ያገኘው 2 በመቶ ብቻ ነው። ደጋፊዎቹ ኢንተርኔት ላይ በርትተው የሚጽፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ጥያቄሽን "ሰዉ ስለ የትኛው ጉዳይ ነው የሚያወራው?" ብለሽ ቀይሪው። ማዳበሪያ፣ ጸጥታ፣ የኑሮ ውድነት፣ የመንገድ መዘጋት፣ ሥራ። የትኛው ጉዳይ በየሳምንቱ እየጨመረ፣ የትኛው እየቀነሰ እንደሄደ ማኅበራዊ ሚዲያ በደንብ ያሳይሻል። ለጥናት ይኼ ይበቃል፣ እንዲያውም ከዚያኛው ይበልጣል።

መልስ 2 (ፍኖተ ሰላም፣ መምህር)
ልጄ፣ እኔ የምጨነቀው ስለማይጽፈው ሰው ነው። የቋሪትና የደጋ ዳሞት ገበሬ አብዛኛው ፌስቡክ ላይ የለም። እናቶቻችንም የሉም። በ2015 ክረምት በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ የሚጽፈውም ዝም አለ። ግራፍሽ ላይ መስመሩ ወደታች ቢወርድ ሰዉ ረክቶ ነው ብለሽ እንዳታነቢው። ኔትወርክ የጠፋበትን ቀን ሁሉ ለብቻው መዝግቢ።

ሌላም አለ። "ጎጃም" የሚል ስም ያለው ገጽ ላይ ከሚጽፈው ሰው ብዙው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፣ ግን እዚህ መራጭ አይደለም።

ብዛትም አያድንሽም። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር ደግሞ በአንድ አገር የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ 1,200 ወይም 2,400 ሰው ብቻ ነው። ግን ሰዎቹን በዕጣ መርጦ፣ ቤታቸው ሄዶ ነው የሚጠይቀው። አንቺም ከቻልሽ በገበያ ቀን ጥቂት ሰዎችን በአካል ጠይቂና ከኦንላይኑ ጋር አስተያዪው።

ጠያቂ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይኼን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ በእጄ እንዴት ልሰብስበው?

መልስ 1 (ባሕር ዳር)
የፌስቡክ ጽሑፎችን ለመከታተል ያገለግል የነበረውን ክራውድታንግል የሚባል መሣሪያ እንዳትፈልጊው፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በነሐሴ 2016 ዘግቶታል። አንቺ የሚከተለውን አድርጊ። ቅስቀሳ ሳይጀመር ለሁሉም ክፍት የሆኑ ገጾችና ቻናሎች ዝርዝር አውጪ። የመንግሥት ሚዲያ፣ የፓርቲዎች፣ የወጣቶች፣ የነጋዴዎች፣ ሁሉም ይግባበት። መሀል ላይ ዝርዝሩን አትቀያይሪ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከእያንዳንዱ እኩል ብዛት ያለው ኮሜንት በዕጣ ውሰጂ። ከላይ የሚመጡትን ብቻ ከወሰድሽ ፌስቡክ የመረጠልሽን ነው የምታጠኚው።

ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ ከጫንሽ የብዙ ቻናሎችን ጽሑፍ አንድ በአንድ እየከፈትሽ ማውረድ ይቻላል። ስልክ ላይ ያለው አፕ ግን ይኼን አይሠራም። አንድ ሰው 40 ጊዜ ቢጽፍ እንደ አንድ ሰው ቁጠሪው። ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆነ ጽሑፍ ከብዙ አካውንት በአንድ ሰዓት ከመጣ ደግሞ ለብቻው አስቀምጪው፤ የተደራጀ ዘመቻ ሊሆን ይችላል።

ስለ ፊደልም አስቢ። "ጸጥታ"ን ብቻ ከፈለግሽ "ፀጥታ" ያመልጥሻል። ኤክሴል ላይ ፀን በጸ፣ ሠን በሰ፣ ሐንና ኀን በሀ፣ ዐን በአ ተኪ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም ማለቴ ነው። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውም ብዙ ነው፣ እሱን በዓይንሽ እያየሽ ካልሆነ አታገኚውም።

መልስ 3 (ቢቸና)
እታለም፣ ስሜትን በማሽን ልለይ እንዳትዪ። የእኛ ሰው ሲማረር ያመሰግናል። "እግዜር ይስጣችሁ፣ ማዳበሪያው ለመስቀል ደረሰልን" ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ ምስጋና ነው ይልሻል። ሰኔ ላይ ዘርቶ የጨረሰ ገበሬ ግን ምን እንደሚል አንቺም ታውቂዋለሽ። የሳቅ ምልክትም እንደዚያው ነው፤ መደሰትም ማላገጥም ይሆናል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያንብቡት። የማትስማሙበትን "አልታወቀም" በሉት። ያ ምድብ ቢበዛም አትፈሪ።

ጠያቂ
ለማስረጃ ስክሪንሾት ከነስሙ ባስቀምጥስ? አማካሪዬ ማረጋገጫ ሊጠይቁኝ ይችላሉ።

መልስ 2 (ፍኖተ ሰላም፣ መምህር)
አደራ፣ ይኼንስ አታድርጊው። በዚህ ጊዜ የአንድ ሰው የፖለቲካ አስተያየት ከነስሙና ከነፎቶው ላፕቶፕሽ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑ ቢጠፋ፣ ቢወሰድ፣ መከራው ለጻፈው ሰው ነው። በስም ፈንታ ቁጥር ስጪው። ቀበሌውንም አትጻፊ፣ ዞኑ ይበቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ አንብቢውና ጥናትሽ ውስጥ ጥቀሺው። በተዘጋ ግሩፕ ውስጥ ሌላ ሰው መስለሽ ገብተሽ የምትሰበስቢውም ነገር አይኑር። ጥናት ላይ የአንድን ሰው ኮሜንት እንዳለ ከጠቀስሽ በጉግል ፈልጎ ጸሐፊውን ማግኘት ስለሚቻል፣ ሐሳቡን በራስሽ ቃል አስፍሪው። አማካሪሽ ይኼን ከነገርሻቸው ይረዱሻል።

ጠያቂ
እሺ ጋሼ፣ ስም የሚባል ነገር አልይዝም። ርዕሱንም ወደ "ጉዳዮች" ቀይሬ ሰኞ ለአማካሪዬ አቀርባለሁ። ሁለተኛ አንባቢ ግን ከየት ላምጣ?

መልስ 3 (ቢቸና)
እኔ አለሁ። ስሙን አጥፍተሽ በኤክሴል ላኪልኝ። መጀመሪያ ትንሽ ለሙከራ እናንብብና የት የት እንደምንለያይ እንይ።